ነጭ መስለው የኖሩ ጥቁሮች በታሪካዊ ልብ ወለድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነጭ መስሎ መኖር ሲባል ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ ሕግ ጥቁር የተባለ፣ መልኩ ግን ከነጭ የማይለይ ሰው፣ ነጭ ነኝ ብሎ ሲኖር ነው። አሜሪካኖች «ፓሲንግ» ይሉታል፤ ማለፍ እንደማለት ነው። ኬላ ላይ ማንም ሳያስቆምህ እንደማለፍ።

ሰውየው መልኩ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚቀይረው ከተማውን፣ ስሙን፣ የወላጆቹን ታሪክ ነው። አንዳንዱ ለሥራ ሰዓት ብቻ ነጭ ሆኖ ይውልና ማታ ጥቁሮች ሰፈር ወዳለው ቤቱ ይገባል። አንዳንዱ እንደወጣ ይቀራል። ልብ ወለዶቹ በብዛት የሚከተሉት ይህን እንደወጣ የቀረውን ነው።

ጥቁር የሆነ ሰው እንዴት ነጭ ሊመስል ይችላል?

መልሱ ያለው ባርነቱ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ተባለ። እናቱ በባርነት ካለች፣ አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ ልጁም ባሪያ ነው። በኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። እዚያ ግን ጌታው ከአገልጋዩ የወለደውን ልጅ «ንብረቴ» እንዲለው ሕጉ ፈቀደለት። እምቢ የማለት መብት ያልነበራቸው ሴቶች ከጌቶቻቸው ወለዱ። ሴት ልጆቻቸውም ሲያድጉ ያው ደረሰባቸው። ሁለት ሦስት ትውልድ ሲያልፍ ነጭ መልክ ያለው፣ ግን የሚሸጥና የሚለወጥ ሰው ተወለደ።

ሳሊ ሄሚንግስን ውሰዱ። ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን በባርነት ይዟት ነበር። ሳሊ የሟች ሚስቱ የማርታ እህት ናት፤ በአባት ይገናኛሉ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ጀፈርሰን ከሳሊ ልጆች ወለደ። ከልጆቹ ስምንት ቅድመ አያቶች ሰባቱ ነጮች ነበሩ። በጊዜው በነበረው የቨርጂኒያ ሕግ እነዚህ ልጆች ነጭ ነበሩ። ባሮችም ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ይህን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ።

«አንድ ጠብታ ደም» የሚባለው ደንብ ከየት መጣ?

መጀመሪያ ላይ ድንበሩ ከግዛት ግዛት ይለያይ ነበር። አንዱ ጋ ሩብ፣ ሌላው ጋ አንድ ስምንተኛ ይባላል። ስለዚህ ያው ሰው ወንዝ ሲሻገር ዘሩ ይቀየር ነበር። ባርነት በ1865 ሲቀር ነገሩ ይላላል ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሽ ጠበቀ። ባሪያና ጌታ የሚለው ልዩነት ሲፈርስ፣ ነጭና ጥቁር የሚለውን ግንብ ከፍ አደረጉት።

በ1892 ሆመር ፕሌሲ የተባለ የኒው ኦርሊንስ ሰው ለነጮች በተለየ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ሆን ብሎ ተቀመጠ። ከስምንት ቅድመ አያቶቹ አንዷ ብቻ ጥቁር ነበረች። መልኩን አይቶ የሚለየው ስለሌለ ክሱ እንዲመሠረት ማንነቱን ራሱ መናገር ነበረበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ፈረደበት፤ ዘርን መለያየትም ሕጋዊ ሆነ። ቨርጂኒያ ደግሞ በ1924 ነጭ ማለት ከነጭ በቀር ምንም ደም የሌለበት ሰው ነው ብላ ደነገገች። ጥቂት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ደም ላላቸው ግን ቀዳዳ ተወች። ምክንያቱም ትልልቆቹ የቨርጂኒያ ቤተሰቦች ከነባሮቹ ልዕልት ከፖካሆንታስ እንወለዳለን እያሉ ይኮሩ ነበር። ይህ ሕግ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የከለከለውን ክፍል ጨምሮ እስከ 1967 ቆየ።

ሰዎቹ ለምን ያደርጉት ነበር? በዘራቸው አፍረው ነው?

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ኀፍረት አይደለም፣ ማምለጥ ነው። ኤለንና ዊሊያም ክራፍት የጆርጂያ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም በባርነት። የኤለን አባት የእናቷ ጌታ ነው። ኤለን የቤቱን ልጆች ስለምትመስል እንግዳ ሲመጣ ከነሱ አንዷ ትመስለዋለች። እመቤቲቱ በዚህ ተቃጥላ፣ በ11 ዓመቷ ለገዛ እህቷ የሠርግ ስጦታ አድርጋ ሰጠቻት።

በታኅሣሥ 1848 ኤለን ፀጉሯን ተቆረጠች፣ የወንድ ልብስና ባርኔጣ አደረገች፣ በሽተኛ ነጭ ጌታ ሆነች። ዊሊያም አገልጋይዋ ሆነ። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ሆቴል ላይ ፈርም እንዳትባል ቀኝ እጇን በጨርቅ አንጠለጠለችው። ባቡሩ ላይ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት የጌቶቿ ወዳጅ ሆኖ ተገኘ። ሲያናግራት እንደማይሰማ ሰው ዝም አለች። በፈረንጆች ገና ዕለት ፊላደልፊያ ገቡ። ነጻ ከወጣች በኋላ ኤለን ነጭ ሆና መኖር አልፈለገችም። ለእሷ ነጭነት የአራት ቀን ልብስ ነበር።

ሌላው ምክንያት እንጀራ ነው። ጥቁር ጸሐፊ ሆኖ፣ የሱቅ ሻጭ ሆኖ መቀጠር በማይችልበት ከተማ ዝም ማለት ሥራ ያስገኛል። ዝም ብለህ ፎርሙን ትሞላለህ፣ ማንም አይጠይቅህም። ለትግል የተጠቀሙበትም አሉ። የጥቁሮች መብት ተከራካሪው ዋልተር ኋይት ፀጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ነበር። በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች በመንጋ የተገደሉባቸውን ቦታዎች ነጭ መስሎ እየዞረ ይመረምር ነበር። በ1919 አርካንሳስ ውስጥ ታወቀበትና ሮጦ ባቡር ላይ ወጣ። ራሱ እንደተረከው የባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ «አሁን እኮ ነው የምትሄደው? ነጭ መስሎ የሚዞር አንድ ጥቁር ሊያዝ ነው» ብሎታል።

እውነት የሆነ ነገር ነው ወይስ ደራሲዎች ያጋነኑት?

እውነት ነው። የሳሊ ሄሚንግስ አራት ልጆች ለአቅመ አዳም ደረሱ። ቤቨርሊና ሃሪየት በ1822 የጀፈርሰን ርስት ከሆነው ከሞንቲቼሎ ወጥተው ሄዱ፤ ማንም አላሳደዳቸውም፤ ነጭ ሆነው ኖሩ። ማዲሰንና ኤስተን በጀፈርሰን ኑዛዜ ነጻ ወጡ። ኤስተን ኋላ ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ ጀፈርሰን የሚለውን ስም ጨመረና እሱም ነጭ ሆነ። ልጁ በእርስ በርሱ ጦርነት የነጮች ክፍለ ጦር ኮሎኔል ነበር። ማዲሰን ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አራት ወንድምና እህት፣ አንድ እናት፣ ሁለት ዘር።

የሂሊ ቤተሰብም አለ። አባት ከአየርላንድ የመጣ የጆርጂያ ባለ እርሻ፣ እናት በባርነት ያለች ሴት። ልጆቹ ወደ ሰሜን ተላኩ፤ በአባታቸው አየርላንዳዊነት ታወቁ። ጄምስ በሜይን ግዛት የፖርትላንድ ጳጳስ ሆነ። ፓትሪክ በ1870ዎቹ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ጆርጅታውንን የሚያስተዳድሩት ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት በ1838 ዕዳቸውን ለመክፈል 272 ሰዎችን ሸጠው ነበር። ደራሲ ይህን ቢፈጥረው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

አንድ ብቻ የምታነቡ ከሆነ የኔላ ላርሰንን «ፓሲንግ» አንብቡ። በ1929 የታተመ አጭር ልብ ወለድ ነው። አይሪንና ክሌር አብረው ያደጉ ናቸው። ክሌር ነጭ ሆና አግብታለች፤ ባሏ ጥቁር የሚጠላ ሰው ነው፤ ምንም አያውቅም። አይሪን ጥቁሮች ሰፈር ትኖራለች፤ ግን ሻይ ለመጠጣት ሲያምራት እሷም ነጮች ብቻ የሚገቡበት ሆቴል ትገባለች። ማን ነው የሚዋሸው የሚለው ጥያቄ ለመመለስ ቀላል አይሆንም። በ2021 ፊልም ሆኗል። አዘጋጇ ሬቤካ ሆል የእናቷ አባት ራሱ ነጭ መስሎ የኖረ ሰው ነበር። ክሌርን ሆና የተጫወተችው ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደችው፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆነው ሩት ነጋ ናት። ሩት ቀደም ሲል የቨርጂኒያን የጋብቻ ሕግ በ1967 ያስፈረሰችውን ሚልድረድ ላቪንግን ሆና ተጫውታለች። ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ብታዩ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ። ከባርነት ያመለጠው ዊሊያም ዌልስ ብራውን በ1853 ለንደን ያሳተመው «ክሎቴል» የጀፈርሰን ልጆች ተሸጡ በሚል ወሬ ላይ የተሠራ ነው። ማርክ ትዌይን በ1894 ባወጣው «ፑድንሄድ ዊልሰን» በባርነት ያለች እናት ልጇን ከጌታዋ ልጅ ጋር አልጋ ላይ ትለዋውጣለች። የጄምስ ዌልደን ጆንሰን ልብ ወለድ በ1912 ያለ ደራሲ ስም ስለወጣ ብዙዎች የእውነት ግለ ታሪክ መስሏቸው ነበር። ተራኪው መጨረሻ ላይ ብኩርናዬን በምስር ወጥ ሸጥኩ ይላል። ኤሳውን ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በእነዚህ ልብ ወለዶች ውስጥ ቤተሰብ ለምን ይህን ያህል ቦታ ይይዛል?

ምክንያቱም ምስጢሩ ያለው ፊት ላይ አይደለም፣ ዘመድ ላይ ነው። መልኩ ነጭ የሆነውን ሰው የሚያጋልጠው እናቱ ናት። ጠቆር ያለ ወንድሙ ነው። በመንገድ ላይ ስሙን የሚጠራው የልጅነት ጓደኛው ነው። ስለዚህ ነጭ ሆኖ ለመኖር መጀመሪያ የሚከፈለው ዋጋ ዘመድ ነው። እናትህን ገበያ ላይ ብታያት እንዳላወቅካት ታልፋለህ። እሷም ልጇን ለማዳን እንዳላወቀች ታልፋለች። እኔ የሚከብደኝ የእሷ ማለፍ ነው።

ቻርልስ ቼስነት በ1900 ባወጣው ልብ ወለድ ይህን በደንብ ያሳያል። ቼስነት ራሱ ነጭ መስሎ መኖር የሚችል፣ ግን ያልፈለገ ሰው ነበር። ጆንና ሬና ወንድምና እህት ናቸው፤ ሌላ ግዛት ሄደው ነጭ ሆነዋል። እናታቸው ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። ሬና ልታገባ ስትል እናቷ ታመመች። ሄደች። የተያዘችውም በዚያ ነው። እናት ታማ አለመሄድ፣ ሞታም ለቅሶ አለመቀመጥ ለኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው አርባና ተዝካር ሳያወጣ፣ ሐዘኑን ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር፣ በማግስቱ ሥራ ይገባል። ልብ ወለዶቹ ውስጥ ይህ ሐዘን ደጋግሞ ይመጣል፤ እኔ ግን በአማርኛ ሳስበው የበለጠ ይገባኛል።

ወደ ፊትም ፍርሃት አለ። ክሌር ልጇን አርግዛ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትሰጋ የኖረችው ልጁ ጠቁሮ ይወለድ ይሆን ብላ ነው። የደበቅሽው አያት በልጅሽ ፊት ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

በእነዚህ ልብ ወለዶች ነጭ መስላ የምትኖረው ገጸ ባሕርይ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ለምን ትሞታለች?

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደራሲዎች ክልሷን ቆንጆ፣ ንጹሕ፣ መከረኛ አድርገው ይሥሏትና በመጨረሻ ይገድሏት ነበር። ነጭ አንባቢ እንዲያዝንላት፣ ግን እንዳይፈራት። ብታሸንፍ፣ ብታገባ፣ አርጅታ በልጅ ልጆቿ መሀል ብትቀመጥ አንባቢው ቤት ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ የጎረቤቴ ሚስትስ?

በኔ እምነት ይህ የእነዚያ መጻሕፍት ትልቁ ድክመት ነው። እውነተኛዎቹ ሰዎች በብዛት አልሞቱም። ኖሩ፣ ነገዱ፣ ወለዱ፣ አረጁ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ሞትን እንደ አቋራጭ ባይጠቀም ጥሩ ነው። ሰማንያ ዓመት የኖረ ዝምታ ከሞት ይልቅ ለመጻፍ ይከብዳል።

በአማርኛ ስጽፍ ወይም ስተረጉም የትኞቹን ቃላት ልጠቀም?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናቀፈው። በአማርኛ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንለው የቆዳን ቀለም ነው። አንድ እናት አንዱን ልጇን ቀይ፣ ሌላውን ጥቁር ትላለች፤ ዘራቸው ግን አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ጥቁር» ቀለም ሳይሆን መዝገብ ነው። ስለዚህ «ክሌር ጥቁር ናት» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው «ቀይ ናት አላላችሁም እንዴ?» ይላል። አሜሪካ የሄደ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ፎርም ሲሞላ የሚደናገረውም እዚሁ ጋ ነው። መፍትሔው መጀመሪያ ገጽ ላይ ልዩነቱን በትዕይንት ማሳየት ነው፤ ለምሳሌ ባቡር ላይ፣ መዝገብ ጸሐፊ ፊት። ከዚያ በኋላ «ጥቁር» የሚለው ቃል በራሱ ይቆማል።

«ባሪያ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ያዙት። በኛ ዘንድ ቃሉ ዛሬም ሰው የሚቆስልበት ስድብ ነው። ገጸ ባሕርይ ሲናገረው ይናገረው፤ ዘመኑ ነው። ተራኪው ግን «በባርነት የተያዘች» ቢል ይሻላል። እኔም እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን የተጠቀምኩት ሕጉ የሚለውን ስናገር ብቻ ነው።

እኛ አገር ተመሳሳይ ነገር ነበር?

ባርነት ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች። በ1924 ራስ ተፈሪ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ደንብ አወጡ፤ በ1931 ተጠናከረ፤ ፈጽሞ የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አሜሪካ ከከለከለች ከ77 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እኛ ጋ ልዩነቱን የሚጠብቀው የቀለም ሕግ ሳይሆን የዘር ቆጠራ ነበር። ለጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ አጥንቱ ይቆጠራል። «ጨዋ» የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ማለት ነው፤ ድሮ ግን በባርነት ያልተያዘ፣ የነጻ ሰው ልጅ ማለትም ነበር። ቃሉን በየቀኑ እንናገረዋለን፤ ከስሩ ያለውን ግን አናየውም። ዘመድ አዝማዱን የማያውቁለት አገር ሄዶ አዲስ የዘር ሐረግ መቁጠር ለአንድ የአማርኛ ደራሲ ሰፊ መሬት ነው።

እንዲያውም የአማርኛ ልብ ወለድ የጀመረው በዚህ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የሚባለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ዋሕድ በባርነት ይሸጣል። መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ማንነቷን ደብቃ፣ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ኤለን ክራፍትን አስታወሰቻችሁ? እኔን ሁልጊዜ ታስታውሰኛለች።

ነጭ መስሎ የኖረ ሰው ከሃዲ ነው?

ይህን ጥያቄ ሰዎች በቁጣ ነው የሚጠይቁት፤ አይፈረድባቸውም። ወገኑ በመንጋ ሲገደል አንዱ አጥሩን ዘሎ ሳሎን ተቀምጧል። አንዳንዱም ምስጢሩ እንዳይታወቅበት ከነጮቹ ብሶ ጥቁር ሲሳደብ ኖሯል። ለዚያ ይቅርታ መፈለግ አልችልም።

ግን የጥቁሮቹ ሰፈር ራሱ ምን እንዳደረገ እዩ። ብዙ ጊዜ ጠበቀላቸው። ያወቀ ሰው አላጋለጠም። መንገድ ላይ ያየም ሰላም ሳይል አለፈ። በላርሰን መጽሐፍ ውስጥ አይሪን ክሌርን እየጠላቻት እንኳ አትናገርባትም። ሰፈሩ የማን ጥፋት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ግንቡን የሠራው ዘሎ የወጣው ሰው አይደለም። እኔ ከሰፈሩ የበለጠ ጨካኝ ዳኛ ልሆን አልፈልግም።

በቤተሰቤ ውስጥ እንዲህ ያለ የተደበቀ ታሪክ አለ። በልብ ወለድ ልጽፈው?

ጻፉት። ግን የሞተው ሰው ምስጢር በሕይወት ያለ ሰው እንጀራ ላይ፣ ትዳር ላይ ሊወድቅ እንደሚችል አስቡ። አያታችሁን ነጻ የሚያወጣ ዓረፍተ ነገር የአክስታችሁን ልጅ ሊያስለቅስ ይችላል። ስም ቀይሩ፣ አገር ቀይሩ፣ ሁለት ሰው አንድ አድርጉ። ልብ ወለድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ማዲሰን ሄሚንግስ በ1873 ለአንድ የኦሃዮ ጋዜጣ የቤተሰቡን ታሪክ ተናገረ። አባቴ ጀፈርሰን ነው አለ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከመቶ ዓመት በላይ አላመኑትም፤ በ1998 የወጣው የዲኤንኤ ምርመራ ቃሉን ደገፈለት። ነጭ ሆና ስለቀረችው እህቱ ስለ ሃሪየት ግን ሲናገር ዋሽንግተን ውስጥ የተከበረ ነጭ ማግባቷንና ልጆች ማሳደጓን ገለጸ። የባሏን ስም አውቀዋለሁ፣ ግን ለጥንቃቄ ስል አልናገርም አለ። የሃሪየት የልጅ ልጆች የት እንዳሉ እስከ ዛሬ አልታወቀም።